«በረዶ ይጥላል ይላሉ»

«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስወደው የኖርኩት ተረት ነው። የሚጣፍጠው ግን ለተናጋሪው እንጂ ለሚተረትበት ሰው አይደለም። አንድ ሰው ጉዳት ሲደርስበት፣ ቀደም ብለን «ተው» ብለነው ከነበረ፣ ይህችን ተረት ጣል አድርገን እጃችንን ታጥበን እንሄዳለን። ነግረነው ነበራ! ከዚያ ወዲያ ያለው የእሱና የመከራ ጉዳይ ነው።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ «ነግረነው ነበራ» ስለሚባል ነገር ነው። ነገሩ የደረሰው አገር ቤት አይደለም፤ ምክንያቱም በረዶ ነው። «የፈረንጅ አገር በረዶ ምን አገባን» የሚለኝ አንባቢ እንዳይኖር፣ ወሬው ከበረዶው ይልቅ እኔን የሚያሳጣ መሆኑን ከወዲሁ ልናዘዝ።

በጥር 2008 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2016 መሆኑ ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ ታናሽ እህቴ ዘንድ ነበርኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከዋሽንግተን ጋር ድንበርተኛ ናት። ሐበሻው ከመብዛቱ የተነሳ እንጀራ ለመግዛት እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ያን ሰሞን የቴሌቪዥኑም የሬዲዮኑም ወሬ አንድ ነበር፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ታላቅ በረዶ ይጀምራል፣ ቅዳሜን ሲጥል ይውላል፣ ነፋስ ይቀላቀልበታል፣ ከቤት አትውጡ። ይህ ደግሞ በዋዜማው የተነገረ አልነበረም። የአየር ጠባይ አጥኚዎቹ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ጀምረው ነው የተናገሩት። ከካናዳ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ከአፓላቺያን ተራሮች በስተምሥራቅ ተጋድሞ ይጠብቃል፤ ከደቡብ በኩል እርጥበት የተሸከመ ማዕበል ይመጣል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ዝናብ መሆን የነበረበት ሁሉ በረዶ ሆኖ ይወርዳል። ስሌቱ ይኸው ነው።

ረቡዕ የጥምቀት ዕለት ነበር። ማታውን፣ ከዋናው በረዶ ሁለት ቀን ቀድሞ፣ አንድ ኢንች ያህል፣ ማለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ በረዶ ጣለ። ሕፃን የሚጫወትበት ያህል ነው። ነገር ግን መንገዶቹ ላይ አስቀድሞ በቂ ጨው ስላልተበተነ ዋሽንግተን ቀጥ አለች። ሰው መኪናው ውስጥ ለሰዓታት ቁጭ ብሎ አመሸ። የፕሬዚዳንት ኦባማ አጀብ እንኳ በበረዶው ላይ እየተንፏቀቀ ነው ቤቱ የገባው። በማግስቱ ከንቲባዋ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። ለትልቁ ሲዘጋጁ ትንሹ ቀደማቸው።

ሐሙስ ማታ እህቴ ልብሷን በትንሽ ቦርሳ ትሸክፋለች። የምትሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በረዶው ከጣለ ተተኪ ሠራተኛ መምጣት ስለማይችል፣ ለማደር ተዘጋጅታችሁ ኑ ተብለዋል። እየሸከፈች እንዲህ አለችኝ፤

«ወንድም ጋሼ፣ ታች ያሉትን እማማን ታውቃቸው የለ? ልጃቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሥራ ወጥቷል። እስቲ ውረድና ትልቅ ስኖው እየመጣ ነው በላቸው። እስከ ሰኞ፣ ምናልባትም እስከ ማክሰኞ መውጫ የለም። የግፊት ኪኒናቸው ስንት ቀን እንደሚያደርሳቸው ጠይቃቸው። ካነሰ ሳይዘጋ አሁኑኑ ፋርማሲ ሂድላቸው። ዳቦና ወተትም ይኑራቸው። ብቻቸውን እኮ ናቸው።»

እነዚህን ቃላት ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ሁለት ፎቅ ወረድኩ። እማማ ከመንዝ የመጡ ሴት ናቸው። ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ስድስት ወር አልሞላቸውም፤ የአሜሪካን ብርድ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ቡና አቀራርበው ነበርና ተቀመጥኩ። ስለ አገር ቤት አወራን፤ ታቦት ሳያጅቡ የዋሉበት ጥምቀት የዘንድሮው ብቻ መሆኑን በሐዘን ነገሩኝ። ልወጣ ስነሳ ነው ተልእኮዬ ትዝ ያለኝ።

«እማማ፣ ነገ በረዶ ይጥላል ይላሉ» አልኳቸው።

«በረዶ? እንደ ትናንት ማታው?»

«ትንሽ ይብሳል ይላሉ።»

ሳቁብኝ። «ይኼማ ዱቄት ነው የኔ ልጅ። የመንዝን በረዶ አላየህ! በግ ይገድላል እኮ!»

እኔም አብሬ ሳቅሁና ወጣሁ። ኪኒኑን ረሳሁት ብል ደስ ባለኝ ነበር። አልረሳሁትም። የአንዲት እናት የኪኒን ብልቃጥ ከፍቶ መቁጠር ለእኔ ለጎልማሳውና ለመምህሩ የሚመጥን ሥራ ስላልመሰለኝ ተውኩት። «ስኖው» የሚለውንም ቃል ሆን ብዬ ነው የጣልኩት። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና አማርኛችን በእንግሊዝኛ ሲደባለቅ ያመኛል። የእህቴን መልእክት በመንገዴ ላይ «አርሜ» ነው ያደረስኩት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ልክ እንደተባለው፣ ጀመረ። የምድር ባቡሩ ዓርብ ሌሊት ቆመ፤ ቅዳሜና እሑድም አልተንቀሳቀሰም። ቅዳሜ ነፋሱ ተጨመረበትና ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ከዓይን ጠፋ። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የተለካው 29.3 ኢንች ነበር፤ 74 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። እኔ ሻይ አፍልቼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አየሁ። እውነት ለመናገር በጣም ያምር ነበር። ማስታወሻ ደብተር አውጥቼ ሁለት ሦስት መስመርም ጻፍኩ። በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ፎቅ ወርጄ አንድ በር ማንኳኳት አልታሰበኝም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እህቴ ጭኗ ድረስ ረጥባ መጣች። ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ጫማዋን ሳታወልቅ «እማማስ?» አለችኝ።

«ነግሬያቸዋለሁ» አልኳት።

አየችኝና ቦርሳዋን ጥላ ወረደች።

እማማ አልጋቸውን ተደግፈው ወለል ላይ ተቀምጠው ነበር። ራሳቸውን አዙሯቸው፣ አንደበታቸው ከብዶ። ኪኒኑ ያለቀው ዓርብ ጠዋት ነው። ልጃቸው ዓርብ ማታ ሲገባ ይዞ ሊመጣ ነበር፤ እሱ ሌላ ክፍለ ሀገር መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። ስልክ ሲደውል «ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝ» ይሉታል፤ ተደናግጦ በበረዶ ላይ እንዳይነዳ ፈርተው። ላይ ቤት ሰው መኖሩን ያውቃሉ፤ ሰው ማስቸገር ነውር ሆኖባቸው ዝም አሉ። አምቡላንስ ተጠራ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከአስፋልቱ እስከ ሕንፃው በር በአካፋ መንገድ እየከፈቱ ገቡና በቃሬዛ ተሸክመው አወጧቸው። ለጥቂት ተረፉ።

ሐኪም ቤት ልጠይቃቸው ስሄድ ተሽሏቸው ነበር። እጄን ያዙና፣ ሊወቅሱኝ ሳይሆን ከልባቸው ገርሟቸው፣ «ልጄ፣ በረዶ አልከኝ እንጂ ይኼን መች አልከኝ?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ምክንያቱም እውነታቸውን ነው። እኔ ቃል ነገርኳቸው እንጂ ነገሩን አልነገርኳቸውም።

እስቲ «በረዶ» የሚለውን ቃላችንን እንየው። እኛ አገር በረዶ በክረምት ከዝናብ ጋር ይወርዳል፤ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ልጆች ለቅመው ይበሉታል፣ እህል ያወድማል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ይቀልጣል። ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው። ለሌሊቱ ቅዝቃዜ ውርጭ አለን፤ ማለዳ ሣር ላይ ነጥቶ ለሚገኘው አመዳይ አለን። ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ድምፅ የሚወርድ፣ የማይቀልጥ፣ በር የሚዘጋ ነገር ግን በአብዛኞቻችን ሕይወት ውስጥ ስላልነበረ ለብቻው የቤት ስም አላወጣንለትም። «ክረምት» የሚለው ቃላችን ራሱ ሐምሌና ነሐሴን እንጂ ጥርን አያስታውሰንም። ስለዚህ በዚያ ቤት፣ በዚያ ማታ፣ ትክክለኛው አማርኛ የእህቴ «ስኖው» ነበር። ቃሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ለዋሽንግተን ሰው ደግሞ ያ ቃል ባዶውን አይመጣም። ከተማዋን የሚያውቁ ሰዎች አዳምስ ሞርጋን የሚባለውን ሰፈር ያውቁታል፤ በ1980ዎቹ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት የከፈቱበት ሰፈር ነው። እዚያ 18ኛው ጎዳናና ኮሎምቢያ ሮድ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ኒከርቦከር የሚባል ሲኒማ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1922፣ ቅዳሜ ማታ፣ ከተማዋ ላይ 28 ኢንች በረዶ ከጣለ በኋላ፣ ሰው ፊልም እያየ ሳለ የሲኒማ ቤቱ ጠፍጣፋ ጣሪያ ክብደቱን መሸከም አቅቶት ወረደ። 98 ሰዎች ሞቱ። ያ በረዶ እስከ ዛሬ የሚጠራው በሲኒማ ቤቱ ስም ነው። ያን ዓይነት ነገር የሚያስታውስ ሕዝብ «ስኖው እየመጣ ነው» ሲባል ክብደቱም ዝምታውም አብሮ ይነገረዋል። እማማ የሰሙት ግን የመንዙን፣ በግ የሚገድለውን፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የሚሄደውን ነው። ያስጠነቀቅኳቸው እሳቸው በሚያውቁት ነገር እንጂ በሚመጣው ነገር አልነበረም።

ከ«በረዶ» ይልቅ የሚያሳፍረኝ ግን ሌላዋ ቃል ናት፤ «ይላሉ» የምትለዋ። እነማን ናቸው የሚሉት? እኔስ ምን እላለሁ? «ይላሉ» በሁለት ቢላዋ መብላት ናት። በረዶው ከጣለ «ነግሬዎታለሁ» እላለሁ፤ ካልጣለ ደግሞ የዋሹት እነሱ ናቸው። ማስጠንቀቂያውን እየሰጠሁ ከማስጠንቀቂያው ሸሸሁ።

ይህን ያልሸሸ አንድ ሰው ልጥቀስላችሁ። ዳርዊንን በመርከቡ ይዞ ዓለምን የዞረው እንግሊዛዊው ካፒቴን ሮበርት ፊትዝሮይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ሮያል ቻርተር የሚባል መርከብ በዌልስ ዳርቻ በማዕበል ተሰብሮ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ፊትዝሮይ ማዕበልን አስቀድሞ ማሳወቅ ይቻላል ብሎ ተነሳ፤ ከ1861 ጀምሮ ትንበያው በጋዜጣ ይወጣ ጀመር። ትንቢት አይደለም፣ በማስረጃ ላይ የቆመ ግምት ነው እያለ ቢያስረዳም ሰሚ አላገኘም። በተሳሳተ ቁጥር ጋዜጣውም የምክር ቤት አባሉም ይሳለቅበት ነበር። በ1865 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ያስጨነቀው ነገር ብዙ ነበር፤ ፌዙም አንዱ ነው። እሱ ከሞተ በኋላ የማዕበል ማስጠንቀቂያው ተቋረጠ። ይመለስልን ብለው የጮኹት ባሕር የሚወጡት ሰዎች ናቸው፤ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ሲስቅ የነበረው አይደለም። ተመለሰም።

የእኛ ቋንቋ ደግሞ ነገሩን አክብዶታል። «ትንበያ» ያልነው «ተነበየ» ከሚለው ነው፤ ከነቢይና ከትንቢት ቤት የወጣ ቃል ነው። ነቢይ ደግሞ ከተሳሳተ ሐሰተኛ ነቢይ ነው፤ መካከለኛ የለውም። ስለዚህ የአየር ትንበያ ተናጋሪን «ዛሬም ዋሸ» እንለዋለን እንጂ «ግምቱ ሳተ» አንለውም።

ነቢይ ካልኩ አይቀር፣ ያ በረዶ ስም ነበረው። አሜሪካ ውስጥ ዘ ዌዘር ቻነል የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ለክረምት ማዕበሎች የራሱን ስም ያወጣል፤ የመንግሥቱ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ግን አይጠቀምበትም። የዚያን ማዕበል ስም «ጆናስ» አሉት። ዮናስ ማለት ነው። ጾመ ነነዌ አንድ ወር ሲቀረው!

የዮናስን ታሪክ ስናስታውስ ዓሣ አንበሪውን ነው የምናስበው። እኔ ግን ከዚያ በረዶ ወዲህ የማስበው መጨረሻውን ነው። ዮናስ ነነዌ ገብቶ «ከተማችሁ ትጠፋለች» አለ። ሕዝቡ ሰማ፣ ጾመ፣ ተመለሰ። ከተማዋ አልጠፋችም። ዮናስ ምን ሆነ? ተናደደ። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ጥላ ሥር ተቀምጦ ምን እንደምትሆን ያይ ነበር። የተናገረው ነገር አለመፈጸሙ አሳፈረው። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ማስጠንቀቂያ ያን ሁሉ ሕዝብ አትርፏል፤ እሱ ግን የሚያስጨንቀው የትንቢቱ መሳት ነው። እኔም መስኮት ሥር ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ልዩነታችን ዮናስ ቢያንስ ከተማዋን ዞሮ መናገሩ ነው።

የተሳካ ማስጠንቀቂያ ዕጣው ይኼ ነው። ሰው ከሰማና ከተዘጋጀ ጥፋቱ አይደርስም፤ ጥፋቱ ካልደረሰ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ውሸት ይመስላል። ጨው የተበተነበት መንገድ ላይ ማንም ስላልተገለበጠ «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ጨው ያባከኑት?» ይባላል።

እዚህ ላይ አንባቢዬ «ቆይ እንጂ» ሳይለኝ አይቀርም። «ሁሌ የሚጮህ ሰውስ? ተኩላ መጣ እያለ የቀለደው እረኛ ተረትስ?» ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 ለኒው ዮርክና ለአካባቢው ታሪካዊ በረዶ ይጥላል ተባለ። የኒው ዮርክ የምድር ባቡር በበረዶ ምክንያት እስከዚያ ታይቶ በማያውቅ ሁኔታ ተዘጋ። ማዕበሉ ግን ከተጠበቀው ትንሽ ወደ ምሥራቅ ራቀና በሴንትራል ፓርክ የተለካው አሥር ኢንች እንኳ አልሞላም፤ ቦስተንና አካባቢዋን ግን በረዶው ቀበራቸው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ማውንት ሆሊ የሚገኘው የትንበያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ሰውየውን ሳስበው ግርም ይለኛል። አደጋው ስላልደረሰ ነው ይቅርታ የጠየቀው! በአንድ በኩል ያሳዝናል። በሌላ በኩል ግን፣ «ይላሉ» አላለም። «እኔ ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ» ነው ያለው። በሚቀጥለው ዓመት ማዕበሉ ሲመጣ የዚያ ዓይነት ሰው ቃል የሚታመነው በዚህ ነው። የተረቱ እረኛ ጥፋት መሳሳቱ አልነበረም፤ ተኩላ አለመኖሩን እያወቀ መጮሁ ነው።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይኼኛው ከበድ ይላል። ሰው አዋቂ ነው፣ ነፃ ነው። ነገርከው፤ አልሰማም አለ። እስከ መቼ ነው የምትከተለው? ሁሉን ሰው እንደ ሕፃን እየጎተቱ ማዳን ይቻላል ወይ? አይቻልም፤ መብቱም የለንም። ነገር ግን «አልሰማም አለ» ከማለታችን በፊት ምን እንደተነገረው መጠየቅ አለብን። ይህን የሚያስተምረን በቴክሳስ የሆነው ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ሞቃቷ ቴክሳስ ላይ ከባድ ብርድ ወረደባት። ትንበያው ግሩም ነበር፤ ከቀናት በፊት ተነግሮ፣ በመጨረሻም በግዛቲቱ ባሉት 254 ካውንቲዎች በሙሉ የክረምት ማዕበል ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር። ሆኖም የጋዝ መስመሩና የኃይል ማመንጫው ቀዘቀዘ፤ ከአራት ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች በዚያ ብርድ መብራት አጡ። መላው የኤሌክትሪክ መረብ ሊወድቅ የቀረው ከአምስት ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነበር። ግዛቲቱ በይፋ ያመነችው የሟች ቁጥር 246 ነው፤ ከግማሽ በላዩን የገደለው ብርዱ ነው።

እዚያ «ያልሰማው» ማነው? ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው የኤሌክትሪኩና የጋዙ ባለቤት፣ ተቆጣጣሪውም ጭምር ነው። በፌብሩዋሪ 2011 ተመሳሳይ ብርድ መጥቶ መብራት ጠፍቶ ነበር። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ ተቆጣጣሪዎች ምን እንደቀዘቀዘ፣ ለምን እንደቀዘቀዘ፣ ምን ቢለበስ እንደማይቀዘቅዝ በዝርዝር ጽፈው ሰጥተዋል። በሚገባቸው ቋንቋ፣ ከነመፍትሔው፣ አሥር ዓመት ቀድሞ። ገንዘቡም ነበራቸው። የሚያስገድድ ሕግ የወጣው ግን ከ2021 ሞት በኋላ ነው። ለእነዚህ ተረቱ ይገባቸዋል ልል ነበር፤ ችግሩ መከራው የመከረው እነሱን አለመሆኑ ነው። ተመከሩ፣ እንቢ አሉ፣ መከራው ግን ሌላ ሰው ቤት ገባ።

ሁለተኛው ያ ሌላው ሰው ነው። መብራት ጠፍቶበት፣ ልጆቹ እየተንቀጠቀጡበት፣ መኪናውን ጋራዥ ውስጥ አስነስቶ ወይም ከሰል ቤት ውስጥ አቀጣጥሎ የሚሞቀው ሰው። ሽታም ቀለምም በሌለው ጭስ ቤተሰብ አለቀ። በሂውስተን በዚህ ከሞቱት መካከል የእኛው አገር ልጆች ነበሩበት። እኛ እኮ የከሰልን ነገር እናውቃለን፤ «ከሰል ሳይነድ ቤት አታስገቡ» ሲባል ያላደገ የለም። ከቤት ጋር የተያያዘ ጋራዥ ግን የእናታችን ምክር ውስጥ የለም። «ብርድ ይመጣል» የሚለውን እነዚህ ሰዎች ሰምተዋል። ብርዱ ሲመጣ መብራቱ እንደሚጠፋ፣ መብራቱ ሲጠፋ መኪና መሞቅ እንደሚገድል ማን ነገራቸው? «በረዶ አልከኝ እንጂ ይኼን መች አልከኝ?» የሚለው የእማማ ጥያቄ እዚህም አለ።

አሁን ወደ እህቴ ሐሙስ ማታ ወደተናገረችው ልመለስ። መልእክቷ ውስጥ ምን ነበር? የሚመጣው ነገር በሚታወቅበት ስሙ ነበረ፤ ትልቅ ስኖው። እስከ መቼ እንደሚቆይ ነበረ፤ እስከ ሰኞ ወይም ማክሰኞ። ምን መደረግ እንዳለበት ነበረ፤ ኪኒን፣ ዳቦ፣ ወተት። ማን እንደሚያደርገው ነበረ፤ «ሂድላቸው» ነው ያለችኝ። ይህን ሁሉ ከትንበያው ወስዳ ለአንዲት ሴት፣ ለአንድ ቤት፣ ለአንድ የኪኒን ብልቃጥ የተረጎመችው እሷ ናት። የአየር ጠባይ አጥኚው ስንት ኢንች እንደሚጥል ያውቃል፤ የእማማ ኪኒን ዓርብ እንደሚያልቅ ግን ሊያውቅ አይችልም። ያንን ማወቅ የሚችለው ሁለት ፎቅ ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። የመጨረሻዋ እርምጃ የጎረቤት ናት። እኔ የወደቅሁት እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ተረቱን አሁን ሳነበው ሌላ ነገር አያለሁ። «ምከረው ምከረው» ነው የሚለው። ሁለት ጊዜ። አንዴ ተናግረህ ሂድ አይልም። ሁለተኛው «ምከረው» ምናልባት ተመልሶ መሄድ ነው፤ «ገብቶዎታል? ምን ጎደለዎት? እኔ ላምጣው?» ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እንቢ ካለ፣ እሺ፣ ነፃ ሰው ነው። እኔ እማማን የመከርኳቸው ግማሽ ጊዜ ነው፤ እሱንም በ«ይላሉ»።

ወደ አገር ቤት ልመለስ ስል ተሰናበትኳቸውና ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ቡናው ዳግም ቀርቧል። ልጃቸው ኪኒኑን ከሦስት ወር ባላነሰ ቀለብ ደርድሮታል። «እማማ፣ ያን ጊዜ በደንብ ሳልነግርዎት ቀርቼ…» ብዬ ጀመርኩ።

አላስጨረሱኝም። «ኧረ ተው የኔ ልጅ! አንተ ምን አጠፋህ? ነግረኸኝ የለ?»

ይህ ምሕረት ነው፤ ተቀበልኩት። እህቴ ግን እስከ ዛሬ አንድ ጊዜም «ነግረሃቸው ነበር» ብላኝ አታውቅም። በየዓመቱ ጥር ሲገባ ስልክ ስንደዋወል «ስኖው እየመጣ ነው» ካለችኝ፣ እኔ የምጠይቃት ስንት ኢንች እንደሆነ አይደለም። «እማማ ቤት ወርደሻል?» እላታለሁ። «ወርጃለሁ፤ ነገም እወርዳለሁ» ትለኛለች።